በጥቁር ክር የታሰረ ደብዳቤ

አንድ ጥጥ ፈታይ ሴት ነበረች። ይመኙሻል ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፤ የሚመኛት ቀርቶ በሯን የሚያንኳኳ ሰው አልነበራትም። እናቷ በልጅነቷ ሞታለች። ባሏ በአንድ ክረምት ውጋት ተነሥቶበት አረፈ፤ ልጅም አልወለደችም። ከመንደሩ ዳር፣ ገደሉ አፍ ላይ ባለች ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ እንዝርቷን ስታሾር ትውላለች። ብቻውን የሚኖር ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቁ የለም እንዴ? ከድስቷ ጋር ታወራለች፤ ከበሩም ጋር ትጣላለች። "ደግሞ ዛሬ ምን ሆነህ ነው የምትንጫጫው?" ትለዋለች። መልስ ሲጠፋ ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች።

አባት ግን ነበራት። ካሳዬ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። የደጋው መሬት ሲደክምባቸው ወንዙን ተሻግረው ቆላ ወረዱና እርሻ አቀኑ። "ነይ፣ አብረን እንውረድ" ብለዋት ነበር፤ እሷ ባሌን ብላ ቀረች። ባሏ የታመመው በነሐሴ ነው። ለአባቷ ሰው ላከች፤ አልመጡም። ሞተ፤ አልመጡም። ጎረቤት አግዟት ቀበረችው። አባቷ የደረሱት በአርባው ቀን ነው፤ ጆንያ ተሸክመው፣ እግራቸው አብጦ። ይመኙሻል ደጃፉ ላይ ወጣች። ለተዝካሩ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ ዕድሜዋን ሙሉ "እርስዎ" ስትላቸው የኖረችውን አባቷን "አንተ" አለቻቸው።

"ባሌን ብቻዬን ቀብሬዋለሁ! ከዛሬ ጀምሮ እግርህ ይህን ደጅ ቢረግጥ፣ እኔን ቀብረህ ተመለስ!"

ሰዉ ሁሉ አማተበ። እንዲህ ያለ ግዝት በዋዛ አይነገርም። አባትየው ጆንያውን ቀስ ብለው አወረዱ፣ ከደጃፉ ራቅ አድርገው አስቀመጡትና በመጡበት ቁልቁለት ተመለሱ። በጆንያው ውስጥ የነበረው የተነፋ ጤፍ ነው።

ንዴቷ ሦስት ወር አልቆየም። ከዚያ በኋላ የቀረው ጸጸት ነው፤ እሱ ደግሞ አልለቃትም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይመኙሻል በዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቷ ይቅር ብለዋት እንደሆነ ማወቅ። ወርዳ እንዳትጠይቅ ፈራች። የአባት እርግማን ቀላል ነገር አይደለም። ፊት ለፊት "ልጄ አይደለሽም" ቢሏት በየት በኩል ትመለሳለች?

ዓመቱ ሊገባደድ ሲል አንድ የጨው ነጋዴ በገበያ ቀን ፈልጎ አገኛትና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጇ ላይ አኖረላት።

"ለይመኙሻል ካሳዬ ነው የተባለው። ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም" ብሏት አህዮቹን እየነዳ ሄደ።

ጨርቁን ፈታችው። ወረቀት ነው። ታጥፎ፣ እንደገና ታጥፎ፣ በጥቁር ክር ታስሯል።

ጥቁር ክር! እዚያው ገበያው መሐል ቁጭ አለች። በአገሩ መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይዞ ነው የሚነገረው። በወረቀት የሚመጣ መርዶ ከሆነ ግን በጥቁር ከመታሰር በቀር በምን ይታወቃል? "ወይ አባቴ ሞቷል፣ ወይ ረግሞኛል" አለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻላት እንኳ መምረጥ አቃታት።

ማንበብ አትችልም። ወስዳ ማስነበብ ግን ትችል ነበር፤ ደብሩ ሩቅ አይደለም፣ ቄሱም ደግ ሰው ናቸው። አላደረገችውም። ካልተነበበ አልተነገረኝም፣ ካልተነገረኝ አልደረሰብኝም ብላ አሰበች። እንዳታቃጥለው ደግሞ የአባቷ ነው። ስለዚህ ምን አደረገች መሰላችሁ? የመንደሩ ቆዳ ሰፊ አያ ድንቁ ዘንድ ወሰደችው። በአገሩ ጽሑፍ በቆዳ አሰፍቶ አንገት ላይ ማሰር የተለመደ ነው፤ ከክፉ ይጠብቃል ይባላል።

"ምንድን ነው? ጸሎት ነው?" አላት አያ ድንቁ።

"የአባቴ ነው። አይክፈቱት፤ ይስፉልኝ ብቻ።"

አያ ድንቁ አያት አያትና ሰፋላት። እሷም አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስትነሣ ትስመዋለች፣ ማታም ስትተኛ ትስመዋለች። ራሷን ሲያማት ግንባሯ ላይ ታደርገዋለች። ነገር ሲጠፋባት እሱን ይዛ ትፈልጋለች። አይ ሰው! ለሁሉም ነገር አዋለችው፤ ከማንበብ በስተቀር።

እንዲህ ሆና ሰባት ዓመት ኖረች። ሰባት ዓመት ሲወራ ቀላል ነው። እስቲ በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ምሽት እንዳለ አስቡት፤ በእያንዳንዱ ምሽት አንድ ሳህን ብቻ ይታጠባል። በዓል ሲሆን ከጎረቤት ቤት ሳቅ ይሰማል። እሷም ፈትሏን ይዛ ጆሮዋን ወደዚያ ታዘነብላለች፤ ማን እንደሳቀ ለመለየት ትሞክራለች። ቀጥሎ ደግሞ "አባቴ አንድ ቃል እንኳ አልላከልኝም" ብላ ታለቅሳለች። ደረቷ ላይ ያለው ቆዳም በእንባዋ ይረጥባል።

በየማለዳው ደብሩ ቅጥር ትቆማለች። "ጌታዬ፣ አንድ ቃል ንገረኝ። አባቴ ይቅር ብሎኝ እንደሆነ፣ አንተም ይቅር ብለኸኝ እንደሆነ አሳውቀኝ" ትላለች። ልቧ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለውባት ነበር። አባቴ ዝም ካለኝ እግዚአብሔርም ዝም ብሎኛል ትላለች። ዝም ሲላት ጊዜ ምልክት መፈለግ ጀመረች። ከበሩ መጀመሪያ የሚወጣው ወንድ ከሆነ ይቅር ተብያለሁ፤ ሴት ከሆነች አልተባልኩም። ወንድ ይወጣል፤ ደስ ይላታል። በማግስቱ ሴት ትወጣለች፤ ቀኑ ይጨልምባታል። አንድ ቀንማ መጀመሪያ የወጣው የቄሱ ፍየል ነው። እሱን ምን ብላ ትተርጉመው? ሦስት ቀን ሙሉ ስታስብ ሰነበተች።

አንድ እሑድ ታዲያ ቄሱን መምሬ ይትባረክን ቆማ ጠበቀቻቸው።

"አባ፣ እግዚአብሔር ዛሬም ሰው ያነጋግራል?"

"ያነጋግራል እንጂ ልጄ። አሁን ቃሉ ሲነበብ ቆመሽ አልነበረም?"

"ቆሜ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ለኔ አልመሰለኝም።"

"ለማን መሰለሽ?"

ይመኙሻል ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች። "ለኔ ነው ብዬ ከሰማሁትማ እፈራለሁ" አለች። መምሬ ይትባረክ የሚሏት ነበራቸው፤ እሷ ግን መስቀላቸውን ተሳልማ በጓሮ በኩል ወጥታ ሄደች።

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ያ የጨው ነጋዴ ገበያ ላይ አንድ እስር ጥጥ ይጥልላታል። ጥጡ የቆላ ጥጥ ነው፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ፍሬው ተለቅሞ የወጣ።

"ከማን ነው?" ትለዋለች።

"እኔ ምን አውቄ? የይመኙሻል ነው ተባልኩ፣ አመጣሁ" ይላታል።

የባሌ የድሮ ወዳጆች አዝነውልኝ ይሆናል ትላለች። ያን ጥጥ ስትፈትል እጇ ላይ ለስላሳ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ያስለቅሳታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ በሥራ መካከል፣ ማንም ሳይናገራት፣ ልቧ ውስጥ "ክፈቺው" የሚል ነገር ይመጣባታል። አይጮህም፣ አይቆጣም። "ክፈቺው" ብቻ። እሷም እጇን ቆዳው ላይ ታደርግና "ወዲያ!" ብላ እንዝርቷን ታፈጥናለች።

በሰባተኛው ዓመት፣ የመስቀል በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት ምንጭ ወረደች። ጎንበስ ብላ ስትቀዳ የአንገቷ ማሰሪያ ተበጠሰ። ቆዳው ምንጩ ውስጥ ጥልቅ አለ። ይመኙሻል እንስራዋን ጥላ እስከ ብብቷ ውኃው ውስጥ ገባች። ጭቃውን ዳበሰች፣ አጣችው፣ እንደገና ዳበሰችና አገኘችው። ውኃ ጠጥቶ አብጧል። እርጥብ ልብሷን እየጎተተች ወደ አያ ድንቁ ሮጠች።

አያ ድንቁ ደጁ ላይ ተቀምጦ ኮርቻ ይጠግን ነበር። አሁን አርጅቷል። ቆዳውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ስፌቱን በጥፍሩ ጫን አለው።

"ይቺ እኮ ገና ድሮ በላብሽ በስብሳለች" አላት። "ውኃውም ገብቷል። ወረቀቱን አውጥተን ፀሐይ ካላስመታነው ዛሬ ማታ ሊጥ ይሆናል።"

"አይክፈቱት አያ ድንቁ! እላዩ ላይ ሌላ ቆዳ ይስፉበት።"

"ሊጥ ልስፋልሽ?"

ውኃው ከቀሚሷ ጫፍ ይንጠባጠባል።

"ስሚኝ ይመኙ" አላት። "ሰባት ዓመት ሙሉ በደጄ ስታልፊ አየሁሽ። አንገትሽ በየዓመቱ እየጎበጠ ነው የሄደው። እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

ይመኙሻል ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረችው። ጥቁሩን ክር፣ መርዶውን፣ እርግማኑን፣ ያን የአርባ ቀን ግዝት፣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

አያ ድንቁ ወስፌውን አስቀመጠ። "እና አባትሽ አላነጋገረኝም እያልሽ የምታለቅሺው፣ የተናገሩሽን ደረትሽ ላይ ሰፍተሽ ነው?"

"እርግማን ቢሆንስ?"

"እርግማን ከሆነ ሰባት ዓመት ተረግመሽ ኖረሻል፤ ከዚህ በላይ ምን ይመጣብሻል? ካልሆነስ?"

ይህን "ካልሆነስ" ይመኙሻል በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስባው አታውቅም። ከዚያ "ይክፈቱት" አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። አያ ድንቁ ግን ገባው።

ስፌቱን በካራ ጫፍ ተረተረው። ወረቀቱ ዳር ዳሩ ርሷል፤ መሐሉ ግን ደህና ነው። ጥቁሩን ክር ፈትቶ ጭኑ ላይ ጣለ። አያ ድንቁ ወጣት ሳለ ለደብሩ ብራና ይፍቅ ስለነበር ከጸሐፊዎቹ ዘንድ ፊደል ለቅሟል። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ እየተንተባተበ፣ ቃል በቃል አነበበላት።

"ለልጄ ለይመኙሻል። እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባልሽ ሲታመም መልእክትሽ ደርሶኝ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ከለከለኝ። ዳር ላይ ተቀምጬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁት፤ ብገባ ወስዶኝ እንዳንቺ ያለችውን ልጅ አባት ያሳጣታል ብዬ ነው። የተናገርሽኝ የኀዘን ቃል ነው፤ ከልቤ አውጥቼዋለሁ፣ አንቺም አውጪው። ግዝትሽን ግን አልደፍረውም። ክፉ እንዳያገኝሽ ብዬ ደጅሽን አልረግጥም። ስለዚህ አንቺ ነይ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ውኃው ሲጎድል፣ መሻገሪያው ዘንድ እመጣለሁ። እስከ ሰኞ ማታ እጠብቅሻለሁ። ቤት ሠርቻለሁ። ለፈትልሽ ብርሃን እንዲሆንሽ በምሥራቅ በኩል መስኮት አውጥቼልሻለሁ። ጥጥም እየላክሁልሽ እቆያለሁ። ወረቀቱን የማሽግበት ብጣቂ ሰም ስላጣሁ ከበርኖሴ ጫፍ ክር መዝዤ አስሬዋለሁ። አባትሽ ካሳዬ።"

ይመኙሻል ጎንበስ ብላ ክሩን ከአያ ድንቁ ጭን ላይ አነሣችው። በልማድ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸት አደረገችው። ያን ጊዜ ጣቷ አወቀው። ያባቷን በርኖስ የበግ ጠጉር የፈተለችው እሷ ናት፤ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ እናቷ በሞተች ዓመት። አንድ ቦታ ላይ ወፈር፣ አንድ ቦታ ላይ ቀጠን የሚለው ያልበሰለ የልጅነት ፈትሏ ነው። የገዛ እጇን ሥራ ነበር ሰባት ዓመት የፈራችው። ጥቁረቱን አይታ ደንግጣ፣ አንዴ እንኳ አልዳሰሰችውም።

"እኔ ነኝ የፈተልኩት" አለች። ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች።

አያ ድንቁ ትንሽ ታገሣትና "ይመኙ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?" አላት።

ሰኞ ነው።

ቤቷን እንኳ አልዘጋችም። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከታ ቁልቁለቱን ወረደች። ከደጋው አፍ እስከ ወንዙ ለብርቱ ሰው ግማሽ ቀን ነው። እሾህ ልብሷን ቀደደው፣ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ አንዴ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። በመንገዱ ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ጠብቀው በየዓመቱ ተመልሰው ከሆነ፣ ዘንድሮ ለምን ይመጣሉ? በሕይወትስ ለመኖራቸው ምን ዋስ አለኝ? ደብዳቤው እኮ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው።

መሻገሪያው ዘንድ ስትደርስ ፀሐይ ወደ ማዶው ጋራ ተጠግታለች። ወዲህ ማዶ ሰው የለም። ወዲያ ማዶ አንድ ሾላ አለ፤ ሥሩ ያለው ሣር ተረግጦ ተረግጦ መሬቱ ወጥቷል። ከሾላው በታች አንድ ሽማግሌ አህያ ይጭናሉ። የለበሱት ጥቁር በርኖስ ፀሐይ አንጥቶት ቡናማ ሆኗል። የመጨረሻውን ገመድ ሳቡና አህያዋን ወደ ቆላው መንገድ አዞሯት።

"አባዬ!" ብላ ጮኸች።

ወንዙ ያጓራል። አልሰሙም።

"አባዬ! እኔ ነኝ! አባዬ!"

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ይመኙሻል ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ውኃው ውስጥ ገባች። ጉልበቷ ደረሰ፣ ወገቧ ደረሰ፣ ከሥሯ ያለው ጠጠር እየከዳት ሄደ። ሽማግሌው፣ በየዓመቱ ከመሄዳቸው በፊት እንደሚያደርጉት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዞር ብለው ወንዙን አዩ።

የአህያዋን ገመድ ለቀቁት። ያን የመሰለ ያበጠ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወደ ውኃው ወረዱ። ይመኙሻል ሰባት ዓመት ሙሉ የለመነችው የአባቷ ቃል በዚያን ጊዜ መጣ። ሲመጣ እንዲህ ነበር፦

"በዚያ በኩል አይደለም! ወደ ግራሽ! ወደ ግራሽ ነው! ድንጋዩን ይዘሽ ነይ!"

ወደ ግራዋ ዞረች። ድንጋዩን ያዘች። ውኃው ከደረቷ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ ጉልበቷ ወረደ። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧትና ጎትተው አወጧት። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በሁለት እጃቸው አነሧት። አህያዋም መንገዱ መሐል ቆማ ሣር ትግጣለች።

"ደብዳቤዬ ደርሶሽ ነበር?" አሏት።

"ደርሶኝ ነበር አባዬ። ሰባት ዓመት አንገቴ ላይ ነበር።"

"አነበብሽው?"

አንገቷን ደፋች። "ዛሬ ጠዋት ነው ያስነበብኩት።"

ሽማግሌው ወደ ገደሉ ቀና ብለው የወረደችበትን መንገድ ተመለከቱ። ፀሐይዋን አዩ፤ እግሯ ላይ ያለውን ደም አዩ።

"እንግዲያማ ቶሎ ነው የመጣሽው" አሏት።

እሷ በምሥራቁ መስኮት ሥር እየፈተለች፣ አብረው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። ከዚያ ሽማግሌው አረፉ። ለለቅሶ የመጣው ሰው አንድ ነገር ታዝቧል። ሌላ ሰው ሙሾ ሲያወርድ የሟቹን ሞት ያለቅሳል። ይመኙሻል ግን ታለቅስ የነበረው እነዚያን ሰባት ዓመታት ነው። "አንገቴ ላይ ነበሩ፣ አንገቴ ላይ ነበሩ" ትል ነበር። ሞቱንማ ተሰናብተው ስለተለያዩ ቻለችው።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ምሳሌ ነውና ሁሉም ነገር ልክ ለልክ አይገጥምም፤ እግዚአብሔርን ወንዝ አያግደውም፣ ጉልበቱም አያብጥም። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ብዙዎቻችን ይመኙሻልን መሆናችን ነው። "እግዚአብሔር ዝም ብሎኛል" እንላለን። ቃሉን በጨርቅ ጠቅልለን ራስጌ እናስቀምጠዋለን፣ እንስመዋለን፣ ሕፃን ሲታመም ትራሱ ሥር እንከተዋለን። መክፈት ሲመጣ ግን እንፈራለን፤ የሚቆጣን ይመስለናል። ውስጡ ያለው "ነይ" የሚል ሆኖ ሳለ መርዶ ነው ብለን እንሸሻለን። ከዚያ ወጥተን ምልክት እንለቅማለን፣ በየደጁ ቃል የሚያወጣልን ሰው እንፈልጋለን፣ የፍየል አወጣጥ እንተረጉማለን።

እግዚአብሔር ዛሬም ይናገራል። በልብ ውስጥ ሳይጮህ "ክፈቺው" ይላል። ከየት እንደመጣ በማናውቀው ጥጥ ይናገራል። በቆዳ ሰፊ አፍ ይናገራል። ነገር ግን ጥጡ ከማን እንደሆነ፣ የልቡም ድምፅ የማን እንደሆነ የሚያስታውቀው አስቀድሞ የተላከው ደብዳቤ ነው። እሱ ተሰፍቶ ሳለ ሌላው ሁሉ ስም የሌለው ስጦታ ሆኖ ይቀራል። ደጃችንን ሰብሮም አይገባም፤ የዘጋነው እኛ ነንና መሻገሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ስንመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ያሰብነውን ትልቅ ነገር አይደለም፤ እግራችንን ቀጥሎ የት እንደምናሳርፍ ነው።

ዘግይቻለሁ ብሎ የሚያፍር ካለም አይፈር። የሚቆጠረው ከተነበበበት ጠዋት ጀምሮ ነው። ብቻ ያ ጠዋት እንዲመጣ ማሰሪያው እስኪበጠስ አንጠብቅ።

ይህን የምታነቡ እናንተስ፣ አንገታችሁ ላይ ሰፍታችሁ የያዛችሁትን መቼ ልትፈቱት አስባችኋል?